ነጩ የማሻ ማር እና የዓይናችን ፍርድ

 

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ብርሃን ነው። ብርሃን ውሃ ላይ ሲያርፍ፣ መስታወት ላይ ሲያርፍ፣ ጉም ውስጥ ሲገባ፣ ማር ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? «ይሄማ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። እኔ ይህን ባለማወቄ የአንድ ሰው ሐቅ ነክቻለሁ፤ ከእሱ ልጀምር።

ለሥራ ወደ ማሻ ሄጄ ነበር። ለማታውቋት፣ ማሻ የሸካ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከቴፒ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ቴፒ ቆላማና ሞቃት የቡና አገር ስትሆን፣ ወደ ማሻ ሲወጣ ግን አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ቀርከሃው ይበዛል፣ ጉሙ ከዛፍ ላይ አይወርድም። ዩኔስኮ በ2012 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ ያስገባው የሸካ ደን ይኸው ነው። ሰዉ ቀፎውን ረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላል፤ ማሩም ስሙ የታወቀ ነው።

ገበያ ወጣሁና አንድ አዛውንት ማር ሲሸጡ አገኘሁ። ባልዲውን ከፈት አድርጌ ባየው ማሩ ነጭ ነው። ቢጫ አይደለም፣ አያንጸባርቅም፣ ከስሩም አያሳይም፤ እንደ ረጋ ቅቤ ነው። እኔ አዲስ አበባ ያደግሁበት ማር ቀይ ወይም ወርቃማ ነውና ወዲያው በውስጤ ፈረድኩ።

«አባባ፣ ይሄ ስኳር የገባበት ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ በርዶት ነው የረጋው። የእኛ አገር ማር እንዲህ ነው» አሉኝ፤ ድምፃቸው አልተቆጣም።

«ስኳርማ አይጠፋውም» አልኩና ክዳኑን መልሼ ሄድኩ። አጠገቤ ቆመው ዋጋ ይጠይቁ የነበሩ ሁለት ሰዎችም ተከትለውኝ ሄዱ። ያን ጊዜ አንዲት ነገር አልተሰማኝም። እንዲያውም «አልተታለልኩም» ብዬ ደስ ብሎኛል፣ አስተግፊሩላህ።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ።

ብርሃን አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ይመለሳል፣ ከፊሉ ይገባል። የገባው ደግሞ ወይ እዚያው ይመጠጥና ሙቀት ይሆናል፣ ወይ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ወይም በሌላው ወገን ይወጣል። አብዛኛው ዕቃ እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ያደርጋል፤ የሚለያየው መጠኑ ነው። የመስኮት መስታወትን ውሰዱ። «ብርሃን ያሳልፋል» እንላለን፤ እውነት ነው፤ ግን ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 8 ያህሉን ይመልሳል፤ በፊተኛው ገጽ 4፣ በኋለኛው ገጽ 4 ያህል። ቀን ላይ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ስለሚበዛ ይህችን ትንሽ ነጸብራቅ አናያትም። ማታ መብራት አብርታችሁ መስኮቱን ስታዩ ግን ራሳችሁን ታያላችሁ። መስታወቱ አልተለወጠም፤ ከውጭ የሚመጣው ጠፍቶ የተመለሰው ብቻውን ስለቀረ ነው።

የሰበእ ንግሥት ታሪክ እዚህ ጋር ትዝ ይለኛል። በሱረቱ-ን-ነምል እንደምናነበው፣ ወደ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ቤተ መንግሥት ስትገባ ወለሉ የጠራ መስታወት ነበር፤ እሷ ግን ጥልቅ ውሃ መስሏት እግሯን ገለጠች። ውሃና መስታወት ሁለቱም ብርሃንን የሚያሳልፉና በገጻቸው ትንሽ የሚመልሱ ናቸው። ለዓይን ሲቀርቡ ይመሳሰላሉ። ንግሥቲቱ አስተዋይ ሴት ነበረች፤ ዓይኗም ጤነኛ ነበር።

ታዲያ ጥርት ያለ ነገር እንዴት ነጭ ይሆናል? የማሩ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

የተሰበረ ብርጭቆ ቁራጩ ጥርት ያለ ነው። ብታደቁት ግን ዱቄቱ ነጭ ይሆናል። ምንም ነገር አልተጨመረበትም። ብርሃኑ ከአየር ወደ መስታወት፣ ከመስታወት ወደ አየር በገባና በወጣ ቁጥር ትንሽ ይመለሳል፣ ትንሽ ይጣመማል። ገጹ አንድ ሲሆን ምንም አይደለም። ሺህ ጥቃቅን ገጾች ሲሆኑ ግን ብርሃኑ መንገዱ ይጠፋበትና በየአቅጣጫው ተበትኖ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ሁሉም ቀለም እኩል ስለሚበተን ነጭ ሆኖ ይታየናል። የሳሙና አረፋ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው። ጨውም፣ ደመናም እንዲሁ። ደመና እኮ ጥርት ያለ ውሃ ነው፤ ግን በጣም ብዙ ጠብታ ነው።

የዚህ ተቃራኒውን በረመዳን ሁላችሁም አይታችኋል። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ወረቀት ዘይት የነካው ቦታ ላይ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከኋላው ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። ወረቀት ነጭ የሆነው በጭረቶቹ መካከል አየር ስላለና ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ስለሚበተን ነው። ዘይቱ ያንን አየር ያስወጣና ቦታውን ይሞላዋል። ዘይትና የወረቀቱ ጭረት ብርሃንን የሚይዙበት መጠን ተቀራራቢ ስለሆነ ብርሃኑ ድንበሩን አያስተውለውም፤ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ወረቀቱ ላይ የተደረገው ነገር ቢኖር ድንበር መጥፋቱ ብቻ ነው።

የማሻ ሾፌሮችም ይህን በሥራ ያውቁታል። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት የሚያበራ መኪና ፊቱ ላይ ነጭ ግድግዳ ያቆማል፤ የጉሙ ጠብታዎች ብርሃኑን በትነው ወደ ራሱ ዓይን ይመልሱበታል። የቆየ ሾፌር አጭሩን መብራት አብርቶ ቀስ ይላል። ብርሃን መጨመር ሁልጊዜ ማየትን አይጨምርም፤ በተራራ መንገድ ላይ ደግሞ ይህን አለማወቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ማር ማለት ደግሞ ከመቶ 80 ያህሉ ስኳር ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው። «ስኳር አለበት» ብዬ የወቀስኳቸው አባት ፊት ይህን ባለማወቄ አፍራለሁ። ንቧ ራሷ የምትሠራው ሁለት ዋና ስኳር ነው፤ ፍሩክቶስና ግሉኮስ ይባላሉ። ግሉኮሱ በዚያች ትንሽ ውሃ ውስጥ ተሟሙቶ መቆየት ይከብደዋል። በተለይ ወደ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቀዘቅዝ እየለየ ጥቃቅን ድንጋይ መሥራት ይጀምራል። እንደ ማሻ ባለ ደጋ ይህ ቶሎ ይሆናል። በዚያ ላይ በሸካ ደን ውስጥ ጌተም፣ በሌላው አጠራር ገተሜ፣ የሚባል ዛፍ አለ። የእሱ አበባ ማር ከመነሻው ፈዛዛ ነው፤ ሲረጋም ድንጋዮቹ ደቃቅ ስለሚሆኑ ነጭ ቅቤ ይመስላል። እንደ ደቀቀው ብርጭቆ ማለት ነው፤ ብርሃኑ ከማሩ ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ ማሩ እየዘለለ ይበተናል። ማሩ ላይ የተጨመረ ነገር የለም።

ሱረቱ-ን-ነሕል ከንብ ሆድ የሚወጣው መጠጥ ቀለሙ የተለያየ መሆኑን እንደሚጠቅስ ስንት ጊዜ ቀርቼዋለሁ! ገበያ ላይ ግን ለእኔ ማር አንድ ቀለም ብቻ ነበረው።

ይህን ሁሉ ያስረዳኝ በማር ንግድ ላይ የቆየ አንድ ወንድም ነው። ከማሻ ከመጣ ነጭ ማር በትንሽ ጠርሙስ ቀዳና እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆመው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከዳር ጀምሮ መጥራት ጀመረ። ቆይቶ ጣቴን ከጠርሙሱ ጀርባ አየሁት። ያው ማር ነው። የሟሙት ድንጋዮቹ ብቻ ናቸው።

«ታዲያ ነጭ ከሆነ ንጹሕ ነው ማለት ነው?» አልኩት።

«እሱንም አላልኩም» አለኝ። የሚያጭበረብር ሰው ነጩንም ቀዩንም ያጭበረብራል። ቀለም ለዚህም ለዚያም ምስክር አይሆንም።

ከዚያ አንዲት አጭር ቱቦ አወጣ፤ ሪፍራክቶሜትር ትባላለች። ጫፏ ላይ ባለው መስታወት አንድ ጠብታ ማር አድርጎ ክዳኑን ገጠመና ወደ ሰማይ አዙሮ እንዳይ ሰጠኝ። ውስጧ በቁጥር የተሠመረ ክብ ነው፤ ከፊሉ ሰማያዊ፣ ከፊሉ ነጭ፣ በመካከላቸው መስመር። መስመሩ ያረፈበት ቁጥር በማሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ይነግራል። እንዴት?

ብርሃን በባዶ ቦታ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ 225,000 ይወርዳል፤ በተለመደው መስታወትና በማር ውስጥ ደግሞ ወደ 200,000 ገደማ። ፍጥነቱ ሲለወጥ፣ በሰያፍ የገባ ከሆነ፣ አቅጣጫውም ይታጠፋል። ማሩ ውሃ ባነሰው ቁጥር ብርሃኑን ይበልጥ ያዘገየዋል፣ ይበልጥም ያጥፈዋል። መሣሪያዋ የምትለካው ያንን እጥፋት ነው። ውሃው ከመቶ 20 ካለፈ ማሩ ሊቦካ ይችላል። በዓለም አቀፉ የኮዴክስ ደረጃም ለአብዛኛው ማር ወሰኑ 20 ነው። እንደ ሸካ ባለ እርጥብ ደን ሳይበስል ለተቆረጠ ማር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የቦካ ማር ለነጋዴው ኪሳራ ነው፤ ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄም አለበት። ወንድማችን ግን መሣሪያዋንም አላመለካትም፤ «ውሃውን ትነግርሃለች እንጂ ስኳሩ ከንብ ይሁን ከሱቅ አትነግርህም» አለኝ።

ይኸው እጥፋት ነው ወንዝ ውስጥ የቆመን እንጨት የተሰበረ የሚያስመስለው። ከዚህ የሚከብደው ግን ጥልቀቱ ነው። ጥርት ያለ ውሃ ከላይ ቀጥ ብላችሁ ስታዩት ጥልቀቱ ከእውነተኛው ሦስት አራተኛ ሆኖ ይታያል። አንድ ሜትር የመሰላችሁ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሊሆን ይችላል፤ ከዳር ሆናችሁ በሰያፍ ስታዩት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይመስላል። ወገብ የሚደርስ የመሰለው ውሃ ደረት ይደርሳል ማለት ነው። ዋና ለማይችል ልጅ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ታናናሾቻችሁን ንገሯቸው፤ የወንዝ ስር ታየ ማለት ቅርብ ነው ማለት አይደለም። በዱላ ይለካ።

ከማሻ ዙሪያ ደን የሚወርደው ውሃ ወደ ባሮ ይገባል፤ ባሮ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት ነጭ አባይን ይቀላቀላል፤ ካይሮም ይደርሳል። ካይሮ ላይ ደግሞ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በዚሁ ወንዝ ምክንያት ችግር ውስጥ የገባ አንድ ሙስሊም ዓሊም ነበር፤ የብርሃንን ነገር ያስተካከለውም እሱ ነው።

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሰም (ረሒመሁላህ) በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በበስራ ተወለደ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የአባይን ሙላት በግንባታ መግራት ይቻላል ማለቱን የግብፁ ገዥ አል-ሓኪም ሰምቶ አስመጣው። ኢብኑል ሀይሰም ወደ አስዋን ወርዶ ወንዙን ሲያይ እንደማይሆን ገባው። ገዥው ደግሞ የሚፈራ ሰው ነበርና፣ ከቁጣው ለመዳን አእምሮውን የሳተ መሰለ፤ በ1021 አል-ሓኪም እስኪሞት ድረስም በቤት ተወስኖ ቆየ ይባላል። ሰባት ክፍል ያለውን «ኪታቡል መናዚር» የጻፈው በእነዚያና በቀጣዮቹ ዓመታት እንደሆነ ይታመናል።

ከእሱ በፊት እነ ዩክሊድና በጥሊሞስ የምናየው ዓይናችን ጨረር ስለሚልክ ነው ይሉ ነበር። ኢብኑል ሀይሰም ጉዳዩን ገለበጠው፤ ብርሃን ከዕቃው ወደ ዓይን ይመጣል እንጂ ከዓይን አይወጣም አለ። ኃይለኛ ብርሃን ዓይንን ማሳመሙን አስረጅ አደረገ። በጨለማ ቤትም ሞከረው፤ ከቀዳዳ ውጭ የተለያየ ቦታ ላይ መብራቶች ያስቀምጣል፣ ውስጥ ግድግዳው ላይ ለእያንዳንዱ መብራት አንድ የብርሃን ነጥብ ይታያል። አንዱን መብራት ሲጋርደው የእሱ ነጥብ ብቻ ይጠፋል። ከዚህም ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድና በአንድ ቀዳዳ ሲያልፍ እንደማይደባለቅ አወቀ። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎም በባግዳድ ኢብኑ ሰህል በ984 ገደማ የብርሃን እጥፋትን ሕግ አግኝቶ ነበር፤ አውሮፓውያን በስኔል ስም የሚጠሩት ያንኑ ነው።

ደን ውስጥ ስትቆሙ የኢብኑል ሀይሰምን ጨለማ ቤት መሬት ላይ ታገኙታላችሁ። በዋንዛና በቀረሮ ቅጠሎች መካከል ያለፈው ብርሃን መሬቱ ላይ ክብ ክብ ይሠራል። ቀዳዳው ሾጣጣም ይሁን ረጅም፣ የሚወርደው ክብ ነው፤ የፀሐይ ምስል ነውና። ፀሐይ በጨረቃ ስትጋረድ እነዚያ ክቦች ሁሉ ማጭድ ይመስላሉ። ኢንሻአላህ ነሐሴ 2 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. (ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.) መካ ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች፤ እኛ ጋር በከፊል። ያን ቀን ከኩሱፍ ሶላት ሌላ ዛፍ ስር መሬቱን እዩ። በራጅ ፊልም ወይም በፀሐይ መነጽር ወደ ላይ እንዳታዩ አደራ! ፊልሙ የሚታየውን ብርሃን ያጨልማል እንጂ የማይታየውን ሙቀት አዘል ጨረር ያሳልፋል፤ ዓይናችሁም ሳያምማችሁ ይጎዳል። ለዚህ የተሠራው አይ.ኤስ.ኦ 12312-2 የሚል ያለበት መነጽር ነው።

ከኪታቡል መናዚር እኔን የያዘኝ ግን ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ስለ ዓይን ስህተት ነው። ኢብኑል ሀይሰም ዓይን በትክክል ለማየት ስምንት ነገር ልኩን መያዝ አለበት ይላል፤ ርቀቱ፣ አቅጣጫው፣ ብርሃኑ፣ የዕቃው መጠን፣ ዕቃው ብርሃንን የመያዝ ጠባዩ፣ በመካከል ያለው አየር ጥራት፣ ጊዜው እና የዓይን ጤንነት። ጊዜው! ማለትም በደንብ ለማየት የምንሰጠው ጊዜ። ስህተቱንም ይለያል፤ አንዱ በስሜት ሕዋሱ ራሱ የሚመጣ ነው፣ ሌላው ነገሩን ካወቅነው ጋር ስናመሳስል፣ ሦስተኛው ካየነው ተነስተን ስንደመድም።

ራሴን በዚህ መዘንኩት። ማሩ ነጭ ነው ማለቴ ልክ ነበር፤ ዓይኔ አልዋሸኝም። «ነጭ ከሆነ ስኳር ነው» ያልኩት ነው የእኔ። ለዚያም የሰጠሁት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ ሁለት ገዢ ይዤባቸው ሄድኩ።

ከወራት በኋላ እንደገና ወደ ማሻ ስሄድ በገበያው ቀን ፈለግኳቸው። እዚያው ናቸው። አላስታወሱኝም፤ ማስታወስ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። «አባባ፣ ባለፈው ማርዎ ስኳር አለበት ብዬ ሰው አስሸሽቼብዎታለሁ፤ አውፍ ይበሉኝ» አልኳቸው። ትንሽ ሳቁና «እናንተ ከተሜዎች ሁልጊዜ ትላላችሁ፣ የትኛው እንደሆንክ በምን ልወቅ» አሉኝ። ማሩን ቀመስኩ፣ ሁለት ኪሎም ወሰድኩ። ሲመዝኑልኝ «ቤት ስትደርስ ለሚጠይቅህ ሞቅ ባለ ውሃ አሳየው እንጂ እሳት ላይ እንዳትጥደው፣ ሽታው ይጠፋል» አሉ።

አንዱ ኪሎ አሁን መስኮቴ ላይ ነው። ከላይ በኩል ትንሽ ጠርቷል፤ ከታች ገና ነጭ ነው።